ስንጥቁ ከመደፈኑ በፊት፦ የጭቃ ግድግዳን በገዛ እጅ ስለ መጠገን

በደሴና በአካባቢዋ መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ፣ ክረምቱን በጉምና በጭጋግ ተሸፍኖ የከረመው ቤት በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ጉዳቱ አንድ በአንድ ይገለጣል። በመስኮቱ ማዕዘን ቀጭን ስንጥቅ ወርዷል፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ ጠቁሯል ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥቷል፤ በአንዱ ጥግ ደግሞ ምርጊቱ ተገምሶ ማገሩ ይታያል። አብዛኛው ባለቤት በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ገዝቶ፣ ከአሸዋ ጋር ለውሶ፣ የፈረሰውን መድፈን። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ቤቱም ለመስቀል ያምራል። ይሁን እንጂ ቤቱን ያሳመረው ሲሚንቶ ራሱ ግድግዳውን ከውስጥ ሊያበሰብሰው ይችላል። ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የጭቃ ግድግዳ ምን እንደሆነና ውሃ በውስጡ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጥገና በራሱ እጅ መሥራት ይችላል።

የጭቃ ግድግዳ ከምን ተሠርቷል?

በወሎ ከተሞችም ሆነ በገጠሩ በብዛት የሚታየው ቤት የእንጨትና ጭቃ ቤት ነው። ወደ መሬት ተተክለው ጣራውን የሚሸከሙት የባሕር ዛፍ ግንዶች ቋሚ ይባላሉ፤ በቋሚዎቹ ላይ አግድም የሚመቱት ቀጫጭን እንጨቶች ማገር ናቸው። በማገሩ መካከል የሚሞላውና የግድግዳውን አካል የሚሠራው ወፍራም ጭቃ ምርጊት ሲሆን፣ በላዩ የሚለጠፈው ስስና ለስላሳ ንብርብር ልስን ይባላል። በላስታ በኩል በድንጋይና በጭቃ የተገነቡ ቤቶችም አሉ፤ በእነዚያም ቢሆን ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃ ስለሆነ ከዚህ በታች ስለ ጭቃና ስለ ውሃ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ይሠራል።

ጭቃው ራሱ ሦስት ነገሮችን ይዟል። የመጀመሪያው ሸክላማው የአፈር ክፍል ነው፤ ይህ እጅግ ደቃቅ ከሆኑ፣ እንደ ወረቀት ከተደራረቡ ቅንጣቶች የተሠራ ስለሆነ ሲርስ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ሥራው ማጣበቅ ነው። ሁለተኛው አሸዋው ነው፤ አሸዋ ውሃ ቢነካው አያብጥም፣ ቢደርቅም አይሸሽም፣ ማለትም አይኮማተርም፤ እንደ አጥንት ሆኖ ቅርጹን ይይዛል። ሦስተኛው ጭዱ ነው። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ተጣጣፊ በመሆኑ ከሌላው ይመረጣል፤ በጭቃው ውስጥ እንደ ክር ተሰራጭቶ፣ ጭቃው ሲደርቅና ሊከፈል ሲል ግራና ቀኙን ይዞ ያስቀረዋል። ከሦስቱ አንዱ ከመጠን ሲጎድል ወይም ሲበዛ ግድግዳው ምልክት ይሰጣል፦ አሸዋው የበዛበት በእጅ ሲዳሰስ ይረግፋል፣ ሸክላው የበዛበት ደግሞ እንደ ደረቀ ኩሬ ይሰነጣጠቃል።

ታዲያ ስንጥቅ ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም፤ ልዩነቱንም ማወቅ ከሁሉ በፊት ይቀድማል። ጭቃ ሲርስ በቅንጣቶቹ መካከል ውሃ ስለሚገባ ያብጣል፤ ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ ይሸሻል። በዚህ ምክንያት የሚመጣው ስንጥቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ በየአቅጣጫው የሄደና ጥልቀት የሌለው ነው። ይህ የልስኑ ችግር እንጂ የቤቱ ችግር አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ግን የቤቱ እንቅስቃሴ ውጤት ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ አንደኛው ጫፉ ከሌላው የሰፋ፣ ከውጭም ከውስጥም በአንድ ቦታ የሚታይ ስንጥቅ ከታች ያለው መሬት ወይም ቋሚው መነቃነቁን ይናገራል። ቤቱ ዋልካ በምንለው ጥቁር አፈር ላይ የተሠራ ከሆነ ይህ የተለመደ ነው፤ ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፣ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅም ያወጣል፤ በላዩ ያለው ግድግዳ ከዓመት ዓመት አብሮት ይነሣል፣ አብሮት ይወርዳል።

ስንጥቁ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ወጪ የሌለው መንገድ አለ። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ አጭር መስመር አስምሮ ቀኑን አጠገቡ መጻፍ፣ በመካከሉም ላይ ጣት የሚያህል የጀሶ ልጥፍ ማድረግ ነው። ጀሶ አይሳብም፤ ግድግዳው በጥቂቱ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ልጥፉ ይሰበራል። ሁለት ወይም ሦስት ወር ቆይቶ ልጥፉ እንዳለ ከሆነና ስንጥቁ ከእርሳሱ መስመር ካላለፈ መጠገን ይቻላል። ከተሰበረ ግን ከላይ መድፈኑ ዋጋ የለውም፤ እንቅስቃሴው እስኪቆም ድረስ የሚደፈነው ሁሉ ይከፈታል።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከላይ፣ ከጎንና ከታች።

ከላይ የሚመጣው ከጣራ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይግላል፣ ሌሊት በብርድ ይቀዘቅዛል። 2 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቆርቆሮ በቀንና በሌሊት መካከል የ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት ቢያገኘው ርዝመቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይለዋወጣል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቀኑ፣ በየዓመቱ ምስማሩን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጎማው ይደርቃል፣ ምስማሩም ብቅ ይላል። ስለዚህ የሚያፈስ ጣራ ሲጠገን የላላውን ምስማር መልሶ በመዶሻ መምታት ብዙ አይቆይም፤ ምስማሩን ነቅሎ አዲስ ባለጎማ ምስማር ጥቂት ፈቀቅ አድርጎ መምታት፣ የድሮውን ቀዳዳ ደግሞ በሬንጅና በጨርቅ መድፈን ይሻላል። ምስማሩ የሚመታው ሁልጊዜ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃው በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም። ቆርቆሮ ለመለወጥ የሚገዛ ሰው ደግሞ የጌጅ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ይወቅ፤ 35 ጌጅ ከ32 ጌጅ የሳሳ ነው፤ ቁጥሩ ስለ በለጠ የወፈረ የሚመስላቸው ገዢዎች ጥቂት አይደሉም።

ከጎን የሚመጣው ከጣራ ወርዶ መሬት ነክቶ የሚረጨው ነው። መጠኑን ማስላት ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። 50 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣራ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 1,000 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል 5 በርሜል ውሃ ከግድግዳው ሥር ይፈስሳል። አሸንዳ የሌለው፣ ክፈፉም አጭር የሆነ ቤት ይህን ሁሉ የሚቀበለው በግድግዳው እግር ነው። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወጣ እንዲል የሚደረገው፣ ግድግዳውም ጉልበት በሚደርስ ድንጋይ ላይ እንዲቆም የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከታች የሚመጣው ሳይታይ ነው፤ ብዙ ጥገናን ከንቱ የሚያደርገውም እሱ ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ በጭቃው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ከመሬት ውሃ ይስባሉ። ውሃው በመንገዱ የአፈሩን ጨው አሟምቶ ይዞ ይወጣል፤ ከግድግዳው ፊት ሲደርስ ውሃው ተንኖ ጨው ይቀራል። ነጭ ዱቄት መስሎ የሚታየው ይኸው ነው። ተጠርጎ ቢነሣ ተመልሶ ይመጣል፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ሲቀንስ ብቻ ነው የሚጠፋው። ቋሚውን የሚያበሰብሰውም ይህ እርጥበት ነው። ግንዱ በብዛት የሚበሰብሰው በጥልቁም በላይኛውም በኩል ሳይሆን በመሬቱ ወለል ልክ ባለው ስንዝር ላይ ነው፤ እንጨት የሚበሉት ሻጋታዎች ውሃም አየርም ስለሚፈልጉ ሁለቱን በአንድነት የሚያገኙት እዚያ ነው።

ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው ከውጭ፣ በአካፋ ነው። በግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ማንሣት፣ መሬቱን ከግድግዳው እስከ 1 ሜትር ድረስ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ መደልደል፣ ውሃው የሚሄድበትን ቦይ መክፈት፤ ከተቻለ አሸንዳ መግጠም። እንደ ደሴ ባለ ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ከሆነ ዋናው ቦይ የሚቆፈረው ከቤቱ በላይ በኩል ነው፤ ቦዩም ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንዳይመራ ከጎረቤት ጋር ተነጋግሮ መሥራት ይገባል።

ሲሚንቶ ጠንካራ ከሆነ ግድግዳውን ለምን ይጎዳል?

በእናቴ ቤት የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ ከጉልበት በታች ይረጥብ ስለነበር አንድ ዓመት ለመስቀል እኔና ወንድሜ በሲሚንቶ ለሰንነው። ሁለት ክረምት በደህና አለፈ። በሦስተኛው ዓመት አልጋውን ፈቀቅ ስናደርግ ልስኑ ሆዱን ገፍቶ አየነው፤ በጣት አንጓ ሲመታ እንደ ባዶ ቅል ይሰማል። በጥቂቱ ስንፈነቅለው አንድ የእንጀራ ሰፌድ የሚያህል ቅርፊት እንዳለ ወረደ። ከጀርባው ያለው ጭቃ በኅዳር ደረቅ ወር ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ ማገሩን በሁለት ጣት ብይዘው እንደ ቆሎ ገለባ ፈረሰ። አልጋው አጠገብ፣ እናቴ በየሌሊቱ ጀርባዋን በምታስጠጋበት ግድግዳ ውስጥ፣ ያ ሁሉ መበስበስ ሳይታይ መቆየቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

የሆነው ይህ ነው። ከመሬት የሚሳበው እርጥበት ቀድሞ በጭቃው ፊት በኩል ተንኖ ይወጣ ነበር። ሲሚንቶው ያን በር ዘጋው። በረጠበ ልብስ ላይ የዝናብ ካፖርት የደረበ ሰው ልብሱ እንደማይደርቅለት ሁሉ፣ ግድግዳውም መተንፈሻ አጣ፤ ውሃው ውስጥ ተቀምጦ ማገሩን አበሰበሰ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ላይ ወጣ። በሌላ በኩል ጭቃው በየወቅቱ ሲያብጥና ሲሸሽ ሲሚንቶው አብሮት አይሄድም፤ ሁለቱ ቀስ በቀስ ይለያያሉ። ወንፊት መሳይ ሽቦ በምስማር መትቶ በላዩ መለሰን ሲሚንቶው ቶሎ እንዳይወድቅ ይረዳል፤ እርጥበቱን ግን አያስወጣም። የወለል ሲሚንቶም ተመሳሳይ ውጤት አለው፦ በአፈር ወለል በኩል ይተንን የነበረው እርጥበት ወለሉ ሲዘጋበት ወደ ግድግዳው ያመራል። ይህ ማለት ሲሚንቶ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በድንጋይ መሠረት፣ በብሎኬት፣ በቦይ ላይ ቦታው ነው። እርጥብ የጭቃ ግድግዳ ላይ ግን ቦታው አይደለም።

ጭቃው እንዴት ይዘጋጃል?

ያን ግድግዳ መልሰን ስንሠራ የረዱን ዕድሜ የጠገቡ መራጊ አፈሩን ከመንካታቸው በፊት ውሃ አስመጡ። ከአፈሩ እፍኝ ወስደው አራሱት፣ በመዳፋቸው አሽተው የጣት ውፍረት ያለው ዘንግ አደረጉትና ከመዳፋቸው ጠርዝ ላይ ቀስ እያደረጉ ወደ ውጭ ገፉት። ገና ጥቂት እንደወጣ ቢቆረጥ አሸዋ በዝቶበታል፤ ረዝሞ ቢንጠለጠልና እጅ ላይ ቢጣበቅ ሸክላው በዝቷል። የኛው ረዝሞ ተንጠለጠለ። «አያ፣ እንዳይሰነጠቅ ትንሽ ሲሚንቶ ብንጨምርበትስ?» አልኳቸው። «አብሽር፣ አሸዋ ነው የጎደለው» አሉኝና ሦስት ላስቲክ አሸዋ አስጨመሩ።

እጁ ገና ያልለመደ ሰው በመዳፍ ብቻ መመዘን ስለሚቸግረው ሌላ መንገድ ይጠቀም። አንድ እጅ ሸክላማ አፈር ከሁለት እጅ አሸዋ፣ ከሁለት ተኩል፣ ከሦስት ጋር ለየብቻ ለውሶ፣ እያንዳንዱን በራሱ ግድግዳ ላይ የመጽሐፍ ስፋት አድርጎ መለጠፍ ነው። ከሳምንት በኋላ ያልተሰነጠቀውና በጣት ሲፈተግ የማይረግፈው ትክክለኛው ድብልቅ ነው። የአንዱ ሰፈር አፈር ከሌላው ስለሚለይ ከዚህ ሙከራ የተሻለ መለኪያ የለም።

ድብልቁ ከታወቀ በኋላ ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ይረገጣል፣ ውሃ እየተጨመረበትም ለጥቂት ቀናት ይቦካል። ቡኮው እንደ ሊጥ ነው፤ ጊዜ ሲያገኝ ውሃው ወደ ሸክላው ቅንጣቶች ሁሉ ይደርሳል፣ ጭዱም ይለሰልሳል፣ ጭቃው ይበልጥ ይጣበቃል። ለመጨረሻው ስስ ልስን እበት የሚጨመረው በውስጡ ያሉት ደቃቅ ቃጫዎች ጭቃውን ስለሚይዙትና ውሃን በመጠኑ ስለሚከላከሉ ነው። ረገጣው አድካሚ ስለሆነ ዘመድና ጎረቤት በወንፈል ቢጠራሩ ሥራው ይቀላል፤ ለአንድ ክፍል ጥገና ግን ሁለት ሰው ይበቃል።

በሚለጠፍበት ጊዜ የላላው ሁሉ ተፈንቅሎ መውረድ አለበት። የበሰበሰ ማገር ተቆርጦ በአዲስ ይተካል። ከዚያ ቦታው ተጠርጎ በውሃ ይርሳል፤ ደረቅ ግድግዳ ከአዲሱ ጭቃ ውሃውን መጥጦ ስለሚወስድበት ሳያረጥቡ የለጠፉት ጭቃ ይለቃል። ጥልቅ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር ከደረቀና ፊቱ በጣት ወይም በሹል እንጨት ሻካራ ከተደረገ በኋላ ነው።

በወሎ የአየር ሁኔታ መቼ ይሻላል?

የወሎ ደጋ ከብዙ የአገሪቱ ክፍሎች የሚለየው ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለው ነው፦ ከየካቲት ጀምሮ የሚመጣው በልግና ከሰኔ አጋማሽ በኋላ የሚገባው ክረምት። በመሆኑም ለጭቃ ሥራ አስተማማኙ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በመስከረም መጀመሪያ ለበዓል ተብሎ የሚሠራው ልስን ውስጡ ገና ክረምቱን የጠጣ ግድግዳ ላይ ስለሚያርፍ ለመድረቅ ይቸገራል።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አሠራሩ ይለያያል። በደሴና ከዚያም ከፍ ባሉት ደጋዎች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሊወርድ ይችላል፤ በእርጥብ ልስን ውስጥ ያለ ውሃ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ልስኑን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። ስለዚህ በደጋ ጠዋት ረፋድ ላይ ሠርቶ ለማታ በማዳበሪያ መሸፈን ይገባል። በኮምቦልቻ ግን ችግሩ ፀሐዩ ነው፤ ፊቱ ከውስጡ ቀድሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚያ ጥላ ባለበት በኩል እየተዞረ ይሠራል፣ ፊቱም በየጊዜው በውሃ ይረጫል።

የትኛው ሥራ ለባለሙያ ይተው?

ግድግዳው ከመሃሉ ሆዱን ገፍቶ ከሆነ፣ በቱንቢ ሲለካ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ፣ ወይም ጣራ የሚሸከም ቋሚ ከሥሩ ከበሰበሰ ጣራው ሳይደገፍ ምንም መነካት የለበትም፤ ይህ ልምድ ያለው አናጢ ሥራ ነው። በደሴ ተዳፋት ሰፈሮች የመሬት መንሸራተት በተደጋጋሚ የታየ ስለሆነ፣ ከቤቱ በላይ ባለው መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከተከፈተና በሮች በድንገት አልዘጋ ካሉ ከቤት ወጥቶ ለቀበሌው ማሳወቅ ነው የሚሻለው።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ነው፤ እርጥብ ጭቃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በሶኬት አካባቢ የሚለሰን ሰው አስቀድሞ ብሬከሩን ያጥፋ፣ መጥፋቱንም በቴስተር ያረጋግጥ፤ ጭቃውም እስኪደርቅ ድረስ መልሶ አያብራ። አዲስ መስመር መዘርጋትን ግን በራሱ አይሞክር። አንድ 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደ 16 አምፔር ስለሚስብ ለመብራት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ቢሰካ ሽቦው በግድግዳው ውስጥ ይግላል፤ በዙሪያው ያለው ደግሞ ጭድና ደረቅ እንጨት ነው።

ቀለሙስ?

የዘይት ቀለም በጭቃ ግድግዳ ላይ የሚያደርገው ሲሚንቶው ካደረገው አይለይም፤ ፊቱን ይዘጋል። ኖራ ግን ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ እርጥበቱን አይዘጋበትም። ኖራው ያልበረደ ከሆነ ሲበጠበጥ ይፈላል፤ ስለዚህ ኖራው ቀስ እየተባለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃ በኖራው ላይ አይፈስም፤ ዓይንና እጅም መሸፈን አለባቸው። እንደ አጓት ቀጠን ብሎ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይቀባል።

ከመቀባቱ በፊት ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ፊቱን መዳሰስ በቂ አይደለም። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ በግድግዳው ግርጌ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ከላስቲኩ በስተውስጥ ጠብታ ከታየ እርጥበቱ ገና እየወጣ ነው፤ አንድ ሳምንት ይጠበቅና ይደገማል። በእናቴ ክፍል ላስቲኩን አራት ጊዜ ለጥፈናል። በአራተኛው ጠዋት ደረቅ ሆኖ ስናገኘው ነው አልጋውን ወደ ቦታው የመለስነው።